የድሮ ብስክሌት መሰብሰብና መልሶ መሸጥ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የድሮ ብስክሌት እሰበስባለሁ ስል ጠያቂው ብዙ ነው። ጥያቄው ግን ያው ነው። በየጊዜው አንድ ነገር ከምደጋግም አንድ ቦታ ላስቀምጠው ብዬ ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«የድሮ» የሚባለው ከመቼ በፊት የተሠራ ነው?

ቁርጥ ያለ ሕግ የለም። ብዙ ሰው የሚስማማበት ድንበር ግን አለ፤ የ1980ዎቹ መጨረሻ ነው። ጣሊያን ውስጥ፣ ቶስካና፣ ከ1997 ጀምሮ «ሌሮይካ» የሚባል የድሮ ብስክሌቶች ጉዞ ይካሄዳል። እዚያ የሚገባ የውድድር ብስክሌት ከ1987 ወዲህ የተሠራ እንዲሆን አይፈለግም። ማርሽ መቀየሪያው ታችኛው ቱቦ ላይ መሆን አለበት። የፍሬኑ ሽቦ ከመሪው ወጥቶ መታየት አለበት። ፔዳሉም እግር በጠፍር የሚታሰርበት ዓይነት ነው።

ድንበሩ እዚያ ላይ የወደቀው በምክንያት ነው። በ1984 ሉክ የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ ጫማን ቀጭ አድርጎ የሚይዝ ፔዳል አወጣ። በ1990 ደግሞ የጃፓኑ ዕቃ አምራች ሺማኖ ፍሬንና ማርሽን አንድ እጀታ ላይ አዋሃደ። ከዚያ ወዲህ ያለው ብስክሌት ዛሬ ሱቅ ውስጥ ከቆመው ጋር ሥጋ ዘመድ ነው። ከዚያ በፊት ያለው ግን ሌላ ዓለም ነው።

ያረጀ ሁሉ ዋጋ አለው ማለት ነው?

የለውም። ይህን ቶሎ የተረዳ ሰው ብዙ ገንዘብ ያተርፋል።

በ1970ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካ ውስጥ የብስክሌት እብደት ነበር። በ1973 ብቻ ወደ 15 ሚሊዮን ብስክሌት ተሸጧል። ፋብሪካዎቹ ማምረት አቅቷቸው ከአውሮፓና ከጃፓን በገፍ ይገባ ነበር። ከእነዚህ ብዙዎቹ ጥቂት ቀን ተነድተው ጋራዥ ውስጥ ተሰቀሉ። ዛሬ ሃምሳ ዓመት አልፏቸዋል፤ ግን በሽበሽ ናቸው። ብዙዎቹም ከባድ ብረት ናቸው። «የአያቴ ነው፣ ጥንታዊ ነው» ብሎ የሚመጣ ሰው ብዙ ጊዜ የያዘው ከእነዚህ አንዱን ነው። ይህን ስነግረው ፊቱ ሲጠቁር አያለሁ። ለመንዳት ምንም አይወጣለትም፤ ለመሸጥ ግን የሚያቋምጥ አይደለም።

በአንጻሩ ሺዊን የተባለው የቺካጎ ኩባንያ በ1963 «ስቲንግ ሬይ» የሚባል የልጆች ብስክሌት አወጣ። ኮርቻው እንደ ሙዝ የረዘመ፣ መሪው እንደ በሬ ቀንድ የቆመ ነው። በላዩ ያደጉ ልጆች ዛሬ ሽማግሌ ሆነዋል፤ የልጅነታቸውን ብስክሌት መልሰው መግዛት ይፈልጋሉ። ስለዚህ ያልተነካ ስቲንግ ሬይ ከብዙ ትልልቅ የዘመኑ ብስክሌቶች በላይ ይፈለጋል። ዋጋ የሚሰጠው ዕድሜው ብቻ ሳይሆን የሚናፍቀው ሰው መኖሩ ነው።

እሺ፣ ዋጋ ያለውን በምን ልለየው?

መጀመሪያ ቱቦውን እዩ። ኮርቻው ሥር፣ ቱቦው ላይ ትንሽ ስቲከር ትኖራለች። «ሬይኖልድስ 531» የሚል ካለ ቆም በሉ። ይህ የእንግሊዝ የብረት ቅይጥ በ1935 ወጥቶ ለአሥርተ ዓመታት የውድድር ብስክሌት መለኪያ ሆኖ ኖሯል። «ኮሎምቡስ» የሚል ከሆነም የጣሊያኑ አቻው ነው። ስቲከሩ ከተላጠ ብስክሌቱን በሁለት ጣት አንሱት። ቀለል ካለ የሆነ ነገር አለ። ከዚያ ቱቦውን በጥፍር ቆርቆር አድርጉት። ቀጭን ቱቦ ጥርት ብሎ ይጮኻል፤ ወፍራሙ ድፍን ያለ ድምፅ ይሰጣል። ሳይንስ ነው አልልም፣ ጆሮ ግን ይለምደዋል።

ቀጥሎ ዕቃዎቹ ናቸው። ካምፓኞሎ (የጣሊያን የብስክሌት ዕቃ ሠሪ ነው) የሚል ጽሑፍ ካያችሁ በጥንቃቄ ቁጠሩ፤ የፊትና የኋላ ጎማ መሀል ያለው ሞዞ፣ ማርሽ ቀያሪው፣ የፔዳሉ ክንድ፣ ፍሬኑ። ሁሉም የአንድ ዘመን ከሆኑ ዕድለኛ ናችሁ። ቱሊዮ ካምፓኞሎ ራሱ ብስክሌት ተወዳዳሪ ነበር። እንደሚተረከው አንድ ቀን በበረዶ መሀል ሲወዳደር ጣቱ ደንዝዞ የኋላ ጎማውን ዳዶ መፍታት አቃተው። ከዚያ ነው በ1930 ያለ ቁልፍ፣ በእጅ ብቻ የሚፈታውን የጎማ ማጥበቂያ የሠራው። ኩባንያውን በ1933 ቪቼንዛ ላይ አቋቋመ። ዛሬ በብዙ ብስክሌት ጎማ ላይ የምናየው ማጥበቂያ እጀታ ያ የእሱ ሥራ ነው።

ሦስተኛው ኮርቻው ነው። አዲስ ሰብሳቢ ሁሌ የሚዘለው እሱን ነው። ብሩክስ የሚባለው የእንግሊዝ ቆዳ ኮርቻ ከ1880ዎቹ ጀምሮ ይሠራል፤ አሠራሩም እምብዛም አልተለወጠም። ቆዳው ካልተቀደደና ካልተጠማዘዘ፣ አንዳንዴ ኮርቻው ብቻውን ብስክሌቱን ያህል ያወጣል። አቧራ የጠጣ ኮርቻ አይታችሁ «ይሄን እንኳን አወልቄ እጥለዋለሁ» እንዳትሉ።

መጠኑንም አትርሱ። በጣም ትንሽ ወይም በጣም ረጅም ብስክሌት ምንም ቢያምር ገዢው ጥቂት ነው።

መቼ እንደተሠራ እንዴት አውቃለሁ?

የእንግሊዝ ባለ ሦስት ማርሽ ብስክሌት ከሆነ ሥራው ቀላል ነው። የኋላ ጎማ መሀል ያለውን ሞዞ በጨርቅ ጥረጉት። ስተርሚ አርቸር የሚል የሞዞው ሠሪ ስም ብቅ ይላል። አጠገቡ ቁጥሮች አሉ። ለምሳሌ 58 እና 7 ካለ ሐምሌ 1958 ማለት ነው፤ ጁላይ። መጀመሪያ ሳየው ደስ ብሎኝ ለግማሽ ሰዓት ያህል ሞዞ ስጠርግ ነበር። ከቅባትና ከአቧራ ሥር ወርና ዓመት ሲወጣ የሰው የልደት ካርድ ያገኘህ ይመስልሃል።

የድሮዎቹ የካምፓኞሎ ማርሽ ቀያሪዎች ላይም «ፓተንት» ከሚለው ቃል ቀጥሎ ሁለት ቁጥር የተቀረጸባቸው አሉ። 74 ካለ 1974 ነው።

ግን ተጠንቀቁ። ጎማ ይቀየራል። ሞዞው የ1958 ስለሆነ ብስክሌቱም የ1958 ነው ማለት አይደለም። የቴላዮው (የብስክሌቱ አጽም) ተከታታይ ቁጥር፣ የቀለሙ ዓይነት፣ የስቲከሩ ቅርጽ፣ ሁሉም አንድ ነገር መመስከር አለባቸው። አንዱ ምስክር ከሌላው ከተጣላ አንድ ቦታ ላይ ዕቃ ተቀይሯል።

ልገዛ ስሄድ ምን ላይ ላተኩር?

ከመሪው ሥር ጀምሩ። ከፊት ያለው አጭር ቱቦ ከላይኛውና ከታችኛው ቱቦ ጋር የሚጋጠምበትን ቦታ ታውቃላችሁ። ከዚያ ጀርባ፣ አንድ ስንዝር ባልሞላ ርቀት፣ በተለይ በታችኛው ቱቦ ሆድ ላይ፣ ጣታችሁን በቀስታ አሳልፉ። ዓይን የማያየውን ጣት ያገኘዋል። እንደ ጨርቅ ጭምድድ ያለ ትንሽ እጥፋት፣ ወይም በመስመር የተሰነጠቀ ቀለም ካለ፣ ይህ ብስክሌት ከፊት ለፊት ከሆነ ነገር ጋር ተጋጭቷል። ሻጩ ምንም ቢምል ቴላዮው ታጥፏል። ሹካውንም ከጎን እዩት፤ ወደ ኋላ የተገፋ ከመሰለ ያው ነው።

ሁለተኛ፣ የኮርቻውን ዘንግ ፈትታችሁ ለማንቀሳቀስ ሞክሩ። እኔ አንዴ ይህን ሳላደርግ ገዝቼ አሳሬን በልቻለሁ። ዘንጉ አሉሚኒየም፣ ቱቦው ብረት ነው። ሁለቱ ያለ ግሪስ አብረው ለዓመታት ከቆዩ እርስ በርስ ይነካከሳሉ፤ አንድ ይሆናሉ። ዘይት አፈሰስኩ፣ ገለበጥኩ፣ ለመንኩ። አሞቅኩት፤ ባሰበት። አሉሚኒየም ሲሞቅ ከብረት በእጥፍ ገደማ ይለጠጣል፤ እና ይበልጥ ተጨናነቀ። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነበር። ዘይት አጠጥቶ መታገስና ማቀዝቀዝ ነው የሚሻለው። ሦስት ሳምንት ፈጅቶብኝ በመጨረሻ ዘንጉን በመጋዝ ነው ያወጣሁት። ዘንጉ ካልተንቀሳቀሰ ወይ ዋጋው በደንብ ይውረድ፣ ወይ ትታችሁ ሂዱ።

ሦስተኛው የሕሊና ነገር ነው። ብዙ ጊዜ ከፔዳሉ ሥር፣ ቴላዮው ሆድ ላይ ቁጥር አለ። ቁጥሩ ተፍቆ ከሆነ፣ ወይም ሻጩ ብስክሌቱን ከየት እንዳገኘው ሲጠየቅ የሚደነባበር ከሆነ፣ ዋጋው ምንም ያህል ቢያጓጓ ይቅርባችሁ።

ቀለሙ ተላልጧል። ልቀባው?

አትቅቡት። አንዴ ተቀብቶ የወጣ ብስክሌት ወደ ፋብሪካው ቀለም አይመለስም። ሰብሳቢ የሚከፍለው ለዚያ የመጀመሪያ ቀለም ነው፤ ጭረቱም ጭምር።

የመጀመሪያ ብስክሌቴን ቀይ ቀባሁት። አዲስ ሆነ፣ አማረ፣ ጓደኞቼ አጨበጨቡ። አንድ የሚያውቅ ሰው መጥቶ ዞር ዞር ብሎ አየውና «ምን ዓይነት ነበር?» አለኝ። *ነበር* ነው ያለው። ስቲከሮቹን ልጬ ጥያቸዋለሁ። የእጅ መስመሮቹ በቀለም ሥር ጠፍተዋል። እንግሊዞቹ በብሩሽ የሚያሰምሯቸው ቀጫጭን የወርቅ መስመሮች ነበሩ። የቀባሁትም እኔው ነኝና የምከሰው ሰው የለም።

ያልታደሰ ቀለም ላይ የሚደረገው ይህ ነው፤ በለብ ያለ ውኃና በትንሽ ሳሙና ማጠብ፣ ማድረቅ፣ ከዚያ የመኪና ሰም በስሱ መቀባት። ስቲከሮቹ አካባቢ አትፈትጉ። ቴላዮው ቀድሞ በአልባሌ ቀለም ተቀብቶ ከመጣ ወይም ዝገቱ ቀለሙን ከበላው ያኔ እንደገና መቀባት ነውር የለውም። ያኔም ቢሆን ቀለሙን መምሰል ቀላል እንዳይመስላችሁ። ቢያንኪ ከ1885 ጀምሮ ያለ የጣሊያን ኩባንያ ነው፤ በውኃ ሰማያዊና በአረንጓዴ መሀል ባለ ቀለሙ ይታወቃል። ያ ቀለም ግን በየዘመኑ ፈዘዝ ደመቅ እያለ ስለተለዋወጠ «የቢያንኪ ቀለም ስጠኝ» ብሎ አንድ ቆርቆሮ መግዛት አይበቃም።

ዝገትስ?

ክሮም ላይ ያለ ቀላል ዝገት አስደንጋጭ ቢመስልም ቀላል ነው። የምግብ መጠቅለያ አሉሚኒየም ፎይል ጨምድዳችሁ ውኃ ነክራችሁ እሹት። አሉሚኒየሙ ከክሮሙ ስለሚለሰልስ አይጭረውም። ቡናማ ጭቃ እየወጣ ሥሩ እንደ መስታወት ይበራል። የዚህ ሥራ ትልቁ ደስታ ይሄ ነው ብል አላጋነንኩም።

ለከበደ ዝገት ኦክሳሊክ አሲድ አለ። በዱቄት ይሸጣል፤ ውኃ ውስጥ ይሟሟል፤ ብረቱ ለሰዓታት ይዘፈዘፋል። መርዝ ስለሆነ ጓንት፣ አየር ያለበት ቦታ፣ ከልጆች የራቀ መሆን አለበት። አሉሚኒየም ዕቃ እዚያ ውስጥ አትተዉ። ሲወጣ ቤኪንግ ሶዳ በተበጠበጠበት ውኃ ማጠብ፣ ወዲያው ማድረቅና ዘይት መቀባት ነው፤ ካልሆነ በማግሥቱ እንደገና ይዝጋል።

መለዋወጫ ይገኛል?

ይገኛል። የሚያስቸግረው ልኩ ነው። ድሮ እያንዳንዱ አገር የራሱ ልክ ነበረው።

ጎማ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። 26 በ1 ሦስት ስምንተኛ የሚል ጎማ ገዝታችሁ ቸርኬው ላይ አልገባ ቢል አትገረሙ። የእንግሊዙ 26 የቸርኬ ልኩ 590 ሚሊሜትር ሲሆን፣ ያው ቁጥር የተጻፈበት የሺዊን ቸርኬ 597 ነው። ሰባት ሚሊሜትር ትንሽ ነው አትበሉ፤ አይገባም። የድሮው ባለ 27 ኢንች 630 ነው፤ የዛሬው የውድድር ጎማ 622። ስለዚህ ጎማው ጎን ላይ በትንሹ የተጻፈውን ባለ ሦስት አሃዝ ቁጥር ፈልጉ፤ እሱ አይዋሽም።

የፔዳሉ መሀል ኩሽኔታ የሚቀመጥበት ቀዳዳ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። የእንግሊዞቹ በቀኝ በኩል ያለው ጥርስ የተገላቢጦሽ ነው፤ ለመፍታት ወደ ቀኝ ይዞራል። የጣሊያኖቹ ሁለቱም ወገን እንደማንኛውም ብሎን ወደ ግራ ዞሮ ይፈታል። ቀዳዳቸውም 36 ሚሊሜትር ስለሆነ ሰፋ ይላል። የፈረንሳዮቹ 35 ነው። ራሌይ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ደግሞ ኖቲንግሃም ላይ በሠራቸው ብዙ ብስክሌቶች ላይ ሌሎች በአንድ ኢንች 24 ጥርስ ሲጠቀሙ እሱ 26 አድርጓል። ለምን ቢሉ፣ ፋብሪካው የራሱ ዓለም ነበር። የየትኛው አገር መሆኑን ሳታውቁ ረጅም ቁልፍ ይዛችሁ በጉልበት አትግቡበት። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው ለዚህ ነው፤ የተበላ ጥርስ አይለቀምም እንጂ።

ፈታትቼ ዕቃ በዕቃ ብሸጠው አይሻልም?

በገንዘብ ብዙ ጊዜ ይሻላል። የዕቃዎቹ ድምር ከሙሉ ብስክሌቱ ይበልጣል፤ ዕቃ ፈላጊው ብዙ ነውና። እኔ ግን እንዲህ እለያለሁ። ቴላዮው ከታጠፈ ወይም ከተሰነጠቀ ፈትቼ እሸጣለሁ፤ ለሌሎች ሦስት ብስክሌቶች ሕይወት ይሆናል። ዕቃው ሁሉ የአንድ ዘመን ሆኖ ያልተነካ ብስክሌት ግን አልፈታም። ሃምሳ ዓመት አብረው የኖሩትን ለትንሽ ልዩነት መበተን አያስችለኝም። ሌላው ሰብሳቢ በዚህ ይስቅብኛል፤ ይሳቅ።

ስሸጥ ምን ልጻፍ? ፎቶውስ?

ፎቶውን በካቴናው በኩል አንሱት። ማርሹ፣ የፔዳሉ ክንድ፣ ሁሉም ነገር ያለው በዚያ ጎን ነው። ከሌላው ጎን የተነሣ ፎቶ ያየ ገዢ «ሻጩ አያውቅም» ብሎ ዋጋ ሊሰብር ይመጣል። ጀርባው ባዶ ግድግዳ ይሁን። ከዚያ ቅርብ ቅርቡን፤ ስቲከሩን፣ ተከታታይ ቁጥሩን፣ ጉድለቱን።

ጉድለቱን አስቀድማችሁ ጻፉ። «የኋላ ቸርኬው የራሱ አይደለም፣ ላይኛው ቱቦ ላይ ትንሽ ስርጉድ አለ» የሚል ማስታወቂያ ገዢው እንዲያምናችሁ ያደርጋል። የኮርቻ ቱቦውን ርዝመት በሴንቲሜትር አስቀምጡ፤ ካልሆነ አሥር ሰው እሱኑ ይጠይቃችኋል። በፖስታ የምትልኩ ከሆነ ጎማው የወጣበት የሹካ ጫፍ መሀል ቁራጭ እንጨት ወጥሩ። ያለዚያ ካርቶኑ ሲጫን ሹካው ይጠባል።

ትርፍ አለው ወይስ የወጪ መንገድ ነው?

ሁለቱም። የሚበላችሁ መግዣው ሳይሆን ትንንሹ ነገር ነው። ሁለት ጎማ፣ ሁለት ካላማዳሪ፣ የፍሬን ላስቲክ፣ ሽቦዎች፣ ካቴና፣ የመሪ ጥቅል። ለርካሽም ለውድም ብስክሌት ወጪው ያው ነው። ስለዚህ ርካሹን ብስክሌት ማደስ ነው የሚያከስረው። እኔ መግዣውና ይህ ሁሉ ተደምሮ እሸጥበታለሁ ካልኩት ዋጋ ግማሽ ካለፈ አልገዛም። የጉልበቴን ሰዓት ደግሞ አልቆጥርም። ከቆጠርኩማ ወዲያ ሌላ ሥራ መፈለግ ይሻለኛል።

አንዱን ሸጬ በገንዘቡ ቀጣዩን እገዛለሁ። የሚተርፈኝ መሣሪያ ሣጥኔ ውስጥ ያለው ቁልፍና ግድግዳው ላይ የተሰቀሉት ሁለት የማልሸጣቸው ናቸው።

ይነዳል ወይስ ለማየት ነው?

ይነዳል እንጂ! ግን ከመንዳታችሁ በፊት ጎማውን፣ የፍሬን ላስቲኩንና የፍሬን ሽቦውን ቀይሩ። ደህና የመሰለ አሮጌ ጎማ አየር ሲሞላ ጎኑ ይሰነጠቃል። ቸርኬው የብረት ክሮም ከሆነ በዝናብ ፍሬኑ ያዝ አያደርግም፤ የአሉሚኒየም ቸርኬ ከለመዳችሁ ልብ ያስደነግጣል። ዝናብ ሲመጣ ቀስ ማለት ነው።

ለጀማሪ የቱን ትመክራለህ?

የእንግሊዝ ባለ ሦስት ማርሽ። ብዙ ተሠርቷል፣ ስለዚህ ውድ አይደለም። ማርሹ ሞዞው ውስጥ ስለተዘጋ አቧራ አያገኘውም። ሁለተኛው ማርሽ ቀጥታ ነው፤ አንደኛው ሩብ ያህል ያቀላል፤ ሦስተኛው ሲሶ ያህል ያከብዳል። ሞዞው ላይ ትንሽ የዘይት መክደኛ አለች። ከፍታችሁ ቀለል ያለ ዘይት ጠብ ጠብ አድርጉባት። ለዓመታት ቆሞ የነበረ ማርሽ በዚህ ብቻ ሲነቃ አይቻለሁ። ከዚያ ውጡና ንዱት። አንደኛ ላይ ዝም ይላል። ሁለተኛ ስታስገቡ ከኋላችሁ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ የሚል ድምፅ ይጀምራል። ተበላሸ ብላችሁ እንዳትወርዱ፤ ጤነኛ ነው።